በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ተሰናባቹን ቆንስል ለማመስገን የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ክቡር ቆንስል፣ የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ከባልቲሞርና ከሪችመንድ ድረስ ነድታችሁ የመጣችሁትን በተለይ አመሰግናለሁ። የዓመቱ ሪፖርት በጽሑፍ ታድሏችኋል፤ የልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት አልተቋረጠም፣ የታመሙትን ጠይቀናል፣ ሐዘንተኞችንም አጽናንተናል።

ዓመቱን ሙሉ ሥራ አስፈጻሚውን ያከራከረው ግን የዛሬው ምስጋና ነው። አንዳንድ አባሎቻችን የኤምባሲ ሰው ማመስገን መንግሥትን መደገፍ ነው ብለው ተቃወሙ፤ ዛሬ ያልተገኙትም በዚሁ ምክንያት ነው። በአገራቸው ጉዳይ ልባቸው እንደቆሰለ አውቃለሁ፣ ቁስላቸውንም አልንቅም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1963 የተፈረመው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት በ5ኛው አንቀጹ ለቆንስል ከሰጣቸው ተግባራት መካከል የዜጎችን ጥቅም መጠበቅ፣ ፓስፖርት መስጠትና ሰነድ ማረጋገጥ ይገኙበታል፤ ተገልጋዩ የየትኛው ወገን ደጋፊ እንደሆነ ይጠየቅ የሚል ቃል ግን የለበትም።

ክቡር ቆንስል፣ እርስዎም አልጠየቁም። የወንድማችን አስከሬን ከዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ ሊሸኝ አንድ ቀን ሲቀረው ወረቀት ጎድሎ አርብ ማታ ስንደውልልዎ፣ ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ ከፍተው የፈረሙልን እርስዎ ነዎት። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደውን ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚያገኙትን መታወቂያ፣ ለማውጣት የመጡ አንዲት እናታችን ቅጹን ማንበብ ሲቸግራቸው፣ አጠገባቸው ተቀምጠው መስመር በመስመር ሲሞሉላቸው በዓይኔ አይቻለሁ።

ዛሬ በአዳራሹ የሌላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህ ቃሌ በቪዲዮ እንደሚደርሳችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። አገር ቤት ላለ የቤተሰብ ቤት ጉዳይ ውክልና ቸኩሎባችሁ ከቆንስሉ ጋር እንዳገናኛችሁ የለመናችሁኝ ከመካከላችሁ አላችሁ። ደወልኩላቸው፤ እሳቸውም የጠየቁኝ መቼ እንደምትመጡ ብቻ ነበር። ያን ቀን ያላነሳችሁትን ጥያቄ ምስጋናው ላይ ስታነሱት፣ እውነቴን ነው፣ እንደ ሊቀመንበርም እንደ ጓደኛም አዝኜባችኋለሁ። ለስጦታውም ከማኅበሩ ካዝና አንድ ዶላር አልወጣም፤ ፈቃደኞች አዋጥተው ገዝተውታል። የሚቀጥለው ቆንስል ሲመጣ ስብሰባው ላይ ተገኝታችሁ፣ ቅሬታችሁንም ፊት ለፊት እንድትነግሩት እለምናችኋለሁ፤ የእናንተ ወንበር ባዶ ሲሆን ማኅበሩ ይጎድላል።

ክቡር ቆንስል፣ ይህን ክርክር በስንብትዎ ቀን ማንሳቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ሸፋፍኜ ባመሰግንዎ ግን ምስጋናው ሙሉ አይሆንልኝም ነበር። ቅጹን የሞሉላቸው እናታችን ዛሬ ከእኛ ጋር ናቸው፤ ካባውን እሳቸው እንዲያለብሱልዎ ጠይቀናቸዋል። እማማ፣ እባክዎ ወደ መድረኩ ይምጡልን።