መልሱ ማስቲካ ሲሆን

የተከበራችሁ የሱቅና የሱፐርማርኬት ባለቤቶች፣ በተለይ ደግሞ ሥራችሁን ለባልደረባ አደራ ብላችሁ የመጣችሁ ካሸሮች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

በቅርቡ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ከሥራ ወጥቼ አንድ ሱፐርማርኬት ገባሁ። ዳቦ፣ ወተትና ሳሙና ይዤ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ልጅቷ ቀና ሳትል «ስልክ ቁጥር?» አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ከኋላዬ ሰው ቆሟል፤ ሰጠኋት። መልሴ 3 ብር ነበር። «ዝርዝር የለም» አለችና ሁለት ማስቲካ ደረሰኙ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ማታ ራት ላይ ሳለሁ ከዚያው ሱቅ መልእክት ገባ። የሕፃን ዳይፐር ቅናሽ ነው። እኔ ቤት ሕፃን የለም። የመጨረሻ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ልጅቷን አልወቅሳትም። ቁጥር ሰብስቢ ያላት አለቃዋ ነው። ሳጥኗ ውስጥ ዝርዝር ያላስቀመጠላትም እሱ ነው። ግን አስቡት፤ በዚያች አንድ ደቂቃ ሱቁ ቁጥሬንና 3 ብሬን ወሰደ። በምላሹ ከሁለት ማስቲካ በቀር የሰጠኝ ነገር የለም።

ዛሬ የመጣሁት ስለዚያች ደቂቃ ላወራ ነው። ደንበኛ ሱቃችሁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቢዞርም፣ ብዙ ጊዜ ከሰው ጋር የሚነጋገረው ካሸር ጋ ሲደርስ ብቻ ነው። ብሩ ከእጁ የሚወጣውም እዚያ ነው። ተመልሶ ይምጣ አይምጣ የሚወስነውም እዚያ ይመስለኛል።

ማስቲካ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ባርኮድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነብቦ የተሸጠው ዕቃ አንድ እሽግ የሪግሌይ ማስቲካ ነበር። ቦታው አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ ትሮይ የምትባል ከተማ ነው። ቀኑም እንደ ፈረንጆቹ ሰኔ 26 ቀን 1974። ከዚያ በፊት የካሸሩ ማሽን የሚያውቀው የሒሳቡን ድምር ነው። ከዚያ በኋላ ምን እንደተሸጠ ማወቅ ጀመረ። ማን እንደገዛው ግን አሁንም አያውቅም። ያንን ክፍተት የሞላው ካርድ ነው።

በካርድ ስሙ የሚነሳው የእንግሊዙ ቴስኮ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1995 ክለብካርድ የተባለውን ካርድ በመላ አገሪቱ አስጀመረ። ደንበኛው ሲከፍል ካርዱን ያስነብባል፤ በከፈለው ልክ ነጥብ ይያዝለታል። በየ3 ወሩ ነጥቡ ተሰልቶ እንደ ገንዘብ የሚሠራ ኩፖን በፖስታ እስከ መኖሪያው ድረስ ይመጣለት ነበር። የሚያገኘው ከ100 ፓውንድ 1 ፓውንድ ገደማ ነው። ዋና ተፎካካሪው ሴንስበሪስ ድሮ ሱቆች ለገዢ የሚሰጡትን፣ ተጠራቅሞ በዕቃ የሚለወጥ ቴምብር አስታውሶ «የድሮው ቴምብር በኤሌክትሮኒክ መጣ» ብሎ ናቀው። በዚያው ዓመት ቴስኮ ሴንስበሪስን አልፎ የአገሪቱ ትልቁ ሱፐርማርኬት ሆነ። ካርዱ ብቻውን ነው ያስቀደመው አልልም። ግን ሴንስበሪስም በዓመቱ የራሱን ካርድ አወጣ።

ከሥራው ጀርባ ክላይቭ ሀምቢና ኤድዊና ደን የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ሥራቸው ዘንቢሉን ማንበብ ነው። ማን ምን ይገዛል፣ ለማን የትኛው ኩፖን ይሆናል የሚለውን ይለዩ ነበር። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ያ ፖስታ ነው። ካሸር ጋ የተወሰደው መረጃ ገንዘብ ሆኖ ወደ ሰውየው ቤት ተመለሰ። ለእኔ ግን ዳይፐር መጣልኝ።

ቴስኮ በኋላ ያደረገው ሁሉ ደስ ይለኛል ማለት አይደለም። ከ2019 ወዲህ መደርደሪያው ላይ ሁለት ዋጋ መለጠፍ ጀመረ፤ አንዱ ካርድ ላለው፣ አንዱ ለሌለው። የብሪታንያ የውድድርና የገበያ ባለሥልጣን በተለያዩ ሱፐርማርኬቶች ወደ 50,000 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ቅናሾችን መርምሮ፣ በ2024 ከመቶ 92ቱ እውነተኛ ቅናሽ ናቸው ብሏል። ይሁን። ካርዱ የሌላቸው አዛውንት ለዚያችው ቅቤ ከጎረቤታቸው የበለጠ ሲከፍሉ ግን ልቤ አይቀበለውም። ይሄ ልማድ እኛ አገር ባይገባ እወዳለሁ።

ደንበኝነት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ሰፈሬ አንዲት ጉልት የምትሸጥ ሴት አለች። ሽንኩርቱን ትመዝንልኛለች። ሚዛኑ ልክ ሲሆን ቆም ትላለች፤ አየሁት አላየሁት እንደሆነ ታየኛለች። ከዚያ አንድ ፍሬ አንስታ ፌስታሉ ውስጥ ትጨምርልኛለች። ምራቂ ነው። ቀድማ ብትጨምረው ከሌላው ጋር ተመዝኖ ይጠፋ ነበር። «እትዬ፣ ጉልበትዎ እንዴት ሆነ?» ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት እያነከስኩ መጥቼ ነበርና አልረሳችውም። ዱቤዋን የምትይዘው በደብተር ነው፤ ኮምፒውተር የላትም። አምስት ዓመት ሽንኩርት ከሌላ ሰው ገዝቼ አላውቅም።

ይሄን ትልልቆቹም ደርሰውበታል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ጁምቦ የተባለ ሱፐርማርኬት በ2019 የጨዋታ ካሸር ከፈተ። የቸኮለ በሌላው ሰልፍ ይሄዳል። ቤቱ ብቻውን የሚውል ሽማግሌ ደግሞ በዚህ ተሰልፎ እያወጋ ይከፍላል። ማንም አያጣድፈውም። በ2021 ሱቁ ይህንን ወደ 200 ቅርንጫፎቹ ለማስፋት ወሰነ።

እኛ ጋ ደግሞ ቴሌብር በእኛው አቆጣጠር በ2013 ከመጣ ወዲህ በስልክ መክፈል ተለምዷል። በስልክ ለሚከፍል ሰው የመልስ ጣጣ ቀርቶለታል። ግን የተረፈችውን ጊዜ ምን አደረግንባት? ደንበኛው ስልኩን ይዘረጋል፣ ካሸሯ የክፍያ ቁጥሩን ትገለብጣለች፣ ሁለቱም አንገታቸውን እንደደፉ ይለያያሉ።

ባለቤቶች ሆይ፣ ስልክ ቁጥር ስትጠይቁ ምክንያቱን ተናገሩ። «ቅናሽ ሲኖር እንድንነግርዎ፣ ካልፈለጉም ይቅር» ለማለት አምስት ሰከንድ አይፈጅም። በእኛው አቆጣጠር በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም ከሰው መረጃ ስንወስድ እንድንጠነቀቅ ያዘናል። የሰበሰባችሁትን ደግሞ አንብቡት። ወተት የምትገዛ ሴት የወተት ቅናሽ ይድረሳት።

ከረሜላውንም ከሕፃን ዓይን ትይዩ አንሱት። እንግሊዝ እንደ ፈረንጆቹ ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ትልልቅ ሱቆች ስኳርና ስብ የበዛበትን ነገር መክፈያው አጠገብ እንዳይደረድሩ በሕግ ከልክላለች። ሰልፍ ላይ ልጇ የሚያለቅስባት እናት ያንን ሱቅ በበጎ አታነሳውም።

ከሁሉ በላይ ግን ካሸሯን እመኗት። የተሰበረ እንቁላል ሥራ አስኪያጅ ሳትጠራ ትቀይር። 2 ብር የጎደለበትን ደንበኛ «ይሁን» ብላ ታሳልፍ፤ ማታ ከደመወዟ አትቁረጡባት። እናንተ ካሸሮች ቀኑን ሙሉ ቆማችሁ ትውላላችሁ። ወንበር ይገባችኋል። ይህንን እዚህ ባለቤቶቹ ፊት የምለው ሆን ብዬ ነው።

ነገ ጠዋት ሱቅ ከመክፈታችሁ በፊት ባንክ ጎራ በሉና ዝርዝር አምጡ። ሳጥኗን ሙሉላት። አንድ ማታ ደግሞ እኔ ዳቦና ወተት ይዤ እመጣለሁ። 3 ብሬን ቆጥራ ስትሰጠኝ ቀና ብላ ታየኛለች። ቁጥሬን ከጠየቀችኝም ለምን እንደሆነ አውቄ እሰጣታለሁ።

አመሰግናለሁ።