ኮምጣጣ አፈር የማይበግረው ባክቴሪያ

[ምስል፦ አበባ ያወጣ ቦሎቄ ከነሥሩ ሲነቀል]

አፈሩን ቀስ አድርጋችሁ አራግፉት። ሥሩ ላይ ትንንሽ እባጮች አሉ። አንዱን በጥፍር ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ነው? እንግዲያው ሥራ ላይ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ለተክሉ የሚሰጠው ናይትሮጅን እዚህ ግባ አይባልም።

እባጩ ውስጥ የሚኖሩት ራይዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። የአየሩን ናይትሮጅን ወደ አሞኒያ ይቀይራሉ። ተክሉ ደግሞ በምላሹ ይመግባቸዋል።

[ግራፊክ፦ የፒኤች መለኪያ ከ7 ወደ 5 ሲወርድ]

አሁን አፈሩ ይኮምጥጥ። ኮምጣጣነት የሚለካበት ፒኤች ሲወርድ አፈሩ የበለጠ ይኮመጥጣል። ከ7 ወደ 5 ሲወርድ ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ አፈሩን የሚያኮመጥጠው የሃይድሮጅን አዮን ግን 100 እጥፍ ጨምሯል። ከ5.5 በታች ሲወርድ ደግሞ በማዕድን ውስጥ ታስሮ የነበረው አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምራል። ሥሩንም ባክቴሪያውንም ይመርዛል። ብዙው ራይዞቢየም እዚህ ላይ አቅም ያጣል።

ሁሉም ግን አይደለም። ከኮሎምቢያ ቦሎቄ የተገኘው ሲያት 899 የሚባል ባክቴሪያ ፒኤች 4 አካባቢ እንኳ ያድጋል። ዝርያው እ.ኤ.አ. በ1991 ራይዞቢየም ትሮፒሲ የሚል ስም ተሰጠው።

[አኒሜሽን፦ የባክቴሪያው ሽፋን በቅርበት]

እንዴት ቻለ? ዋናው ነገር ውጪው ቢኮመጥጥም የሴሉ ውስጥ ወደ ገለልተኛ እንደተጠጋ መቆየቱ ነው። ሽፋኑን ተመልከቱ። ኦርኒቲን የሚባል አሚኖ አሲድ ያለባቸው ቅባቶች አሉት፤ እነሱ ላይ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የያዘ ትንሽ ቅጥያ ይጨምርባቸዋል። ይህን የሚሠራውን ጂን ተመራማሪዎች ሲያጠፉበት አሲዱ ከበደው። ግሉታታዮን የሚባለውን ሞለኪውል እንዳይሠራ ሲደረግም እንደዚሁ። አንድ ጂን ብቻ ለይቶ “ምስጢሩ ይኸው” ማለት አይቻልም። እኔን በጣም የሚገርመኝም ይኸው ነው።

ደግሞ ባክቴሪያው በሕይወት ስለቆየ ብቻ እባጭ አይፈጠርም። ሥሩ በኬሚካል ይጠራዋል፣ እሱም በኬሚካል ይመልሳል። አሲድ ይህን መልእክት ያዳክመዋል። ኮምጣጣ አፈር ውስጥ ካልሲየም ያንሳል፤ ያኔ ባክቴሪያው ሥሩ ላይ በደንብ አይጣበቅም። ናይትሮጅን የሚያዘጋጀው ኢንዛይም የሚፈልገው ሞሊብዲነም የሚባል ማዕድንም እንደልብ አይገኝም።

[ምስል፦ ማሳ ላይ ኖራ ሲበተን]

ስለዚህ በወለጋም ሆነ በአዊ፣ አፈሩ ክፉኛ ለኮመጠጠበት ገበሬ “ጠንካራ ባክቴሪያ ግዛ” ብሎ ብቻ መሸኘት ተገቢ አይመስለኝም። ኖራውም ያስፈልገዋል። ኖራ አፈሩን ለመለወጥ ጊዜ ስለሚወስድ ከዘር ቀደም ብሎ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀል።

ባክቴሪያውም ከሰብሉ ጋር ይግጠም። ለቦሎቄ የተዘጋጀው ለባቄላ አይሆንም። ዘሩን ጥላ ሥር በባክቴሪያው ለውሱት፣ ፀሐይ ሳያገኘው በዚያው ቀን ዝሩት፣ ወዲያውም አፈር አልብሱት።