በ38 ዓመቴ ደብተር ገዛሁ

እሱ፦ እንደምን ሰነበታችሁ፣ አድማጮቻችን። ዛሬ ከውጭ እንግዳ አልጋበዝንም። እንግዳዋ ሁልጊዜ አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ናት። 14 ዓመት በሒሳብ ሠራተኝነት ቆይታ በ38 ዓመቷ ነርሲንግ ልትማር የገባች ሰው ናት። ይህንን ታሪክ እንድታወጊ ስንት ጊዜ ተጠየቅሽ፤ አንቺ ግን ትሸሺ ነበር።

እሷ፦ የሸሸሁት የሚጠበቅብኝን መልስ ስለማውቅ ነው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሕልሜ ነበር» እንድል ይፈለጋል። አልነበረም። ደም ሳይ ፊቴን የማዞር ልጅ ነበርኩ።

እሱ፦ ታዲያ ምን አስገባሽ?

እሷ፦ ጉጉት። አማቴ ታመው 11 ሌሊት ሆስፒታል አስታመምኳቸው። በሦስተኛው ሌሊት ተረኛዋ ነርስ ገባች። ሙቀት ለካች፣ የደም ግፊት ለካች፤ ሁሉም ደህና ነው። ልትወጣ ስትል ጎንበስ ብላ ከአልጋው ጎን የተንጠለጠለውን የሽንት ከረጢት አየች። ሰዓቷን አየች። እንደገና ከረጢቱን አየች። ከዚያ ምንም ሳትለኝ ሐኪም ልትጠራ ሄደች። እኔ እዚያው ወንበር ላይ ከምሽት ጀምሮ ያንኑ ከረጢት ፊት ለፊት ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ምንም አልታየኝም።

እሱ፦ ምን ነበር ያየችው?

እሷ፦ መልሱን ያገኘሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ አዋቂ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በሰዓት ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ሊትር ያህል ሽንት ሊኖረው ይገባል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 30 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ከዚያ ሲያንስ ኩላሊቱ በቂ ደም እያገኘ ላይሆን ይችላል፤ የደም ግፊቱ ገና ሳይወርድ ሽንቱ ቀድሞ ያሳብቃል። መምህሩ ይህንን ሲናገር እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ያቺ ነርስ በዚያ ሌሊት ስታሰላ ነበር ለካ!

እሱ፦ አማትሽስ?

እሷ፦ ደህና ናቸው። ዛሬም ይቆጡኛል።

እሱ፦ ከሁሉ በላይ የሚጠይቁን «በዚህ ዕድሜ ትምህርት ይገባኛል ወይ» እያሉ ነው።

እሷ፦ ይገባል፤ አጠናኑን ካወቁበት። እኔ መጽሐፉን ሦስት ጊዜ አንብቤ፣ ገጹን ሁሉ በቢጫ አስምሬ፣ የመጀመሪያውን የአናቶሚ ፈተና ወደቅሁ። ያሰመርኩበትን ሳይ «ይሄንን አውቀዋለሁ» እላለሁ እንጂ መጽሐፉ ሲዘጋ ባዶ ነኝ። ከዚያ በኋላ ልጄን መምህር አደረግሁት። ያኔ 11 ዓመቱ ነበር። እኔ ልብስ ሳጣጥፍ እሱ መጽሐፉን ይዞ ይጠይቀኛል። የእጅ አንጓ ስምንት አጥንቶች አሉት። ሰባቱን ጠርቼ ስምንተኛው ሲጠፋኝ የሚሰማው ደስታ ልነግርህ አልችልም። በማግስቱ ያንኑ ይደግመዋል፣ ከሦስት ቀን በኋላ ይደግመዋል።

እሱ፦ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤቢንግሃውስ እኮ እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመው ጥናት ይህንኑ ነው የሚያሳየው። ትርጉም የሌላቸው ቃላት እያጠና የመርሳትን ፍጥነት በራሱ ላይ ለካ። ያጠናነው መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ይጠፋል፤ ቀናት እያሳለፉ ሲደግሙት ግን ይቆያል።

እሷ፦ እሱ በራሱ ላይ ሞከረ፤ እኔ ላይ የሞከረው ልጄ ነው። ይልቅ ማንም ያልነገረኝን ላውጋህ። ዓይን! በልምምድ ክፍል ትንሿን የኢንሱሊን መርፌ ያዝኩ። አንድ ሚሊ ሊትር ላይ 100 ትናንሽ መስመሮች የተሰመሩባት ናት። 18 ላይ ማቆም አለብኝ፤ መስመሮቹ ይደራረቡብኛል። መርፌውን ወደ መስኮቱ ሳስጠጋ፣ ስዘረጋ፣ ሳቀርብ አንዷ ተማሪ «እጅሽ ይንቀጠቀጣል?» አለችኝ። እኔም እጄ ነው ብዬ ሳምንት ሙሉ ተጨነቅሁ። ኋላ ሲታይ ዕድሜ ወደ አርባዎቹ ሲጠጋ የቅርብ እይታ የሚቀንሰው ነገር ነው፤ የማንበቢያ መነጽር ገዛሁና አለቀ። ለመመዝገብ የሚያስብ ሰው ከደብተሩ በፊት ዓይኑን ይመርመር።

እሱ፦ የሒሳብ ሠራተኝነትሽ ጠቀመሽ መቼም።

እሷ፦ ጠቀመኝ፤ ሊያጠፋኝም ነበር። 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት ይግባ ይባላል፤ ቱቦው በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ነው። ስንት ጠብታ በደቂቃ? ወጣቶቹ ላብ ያጠምቃቸዋል፤ እኔ 20,000ን ለ480 አካፍዬ 42 ብዬ ቁጭ። ክፍሉ ውስጥ ጥሩ ስም አገኘሁ። ከዚያ አንድ ቀን በወረቀት ላይ የልብ መድኃኒት አሰላሁ። ትእዛዙ ዜሮ ነጥብ ሃያ አምስት ሚሊ ግራም ነበር፤ ከነጥቡ በፊት ዜሮ ሳልጽፍ ገለበጥኩት። መልሼ ሳነበው ሁለት ነጥብ አምስት ሆነብኝ። አምፑሉ፣ ማለትም መድኃኒቱ ያለበት አንገቱ ተሰብሮ የሚከፈት ትንሽ ብልቃጥ፣ በሁለት ሚሊ ሊትር ውስጥ ግማሽ ሚሊ ግራም የያዘ ነው። ስሌቴ ንጹሕ፣ መልሴ 10 ሚሊ ሊትር።

እሱ፦ ትክክለኛውስ?

እሷ፦ አንድ ሚሊ ሊትር። መምህርቷ አልተቆጣችም። «እሺ፤ ስንት አምፑል ልትሰብሪ ነው?» አለችኝ። አምስት። «ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ አምስት አምፑል ሰብረሽ ታውቂያለሽ?» በሒሳብ መዝገብ ላይ ቢሆን ስህተቱ ወር ሲዘጋ ይገኛል። እዚህ የሚገኝበት ጊዜ የለም። እስከ ዛሬ ከነጥብ በፊት ዜሮ ሳልጽፍ አልፌ አላውቅም፤ ከሙሉ ቁጥር በኋላ ደግሞ ነጥብና ዜሮ አልጨምርም፤ አምስት አምስት ነው። መድኃኒት ቀድቼ ብዙ ብልቃጥ መክፈት ካስፈለገኝ እጄ በራሱ ይቆማል።

እሱ፦ ከአንቺ በዕድሜ የሚያንሱ ሰዎች ሲያርሙሽስ?

እሷ፦ ኧረ እሱ ነው የከበደኝ! በተግባር ልምምድ የተመደበችልኝ ነርስ 24 ዓመቷ ነበር። በመጀመሪያው ቀን እጄን ታጥቤ ስዞር «አውራ ጣቶችሽን ዘለልሻቸው» አለችኝ። እኔ እኮ ልጅ ያሳደግሁ ሰው ነኝ፤ እጅ መታጠብ ልታስተምሪኝ ነው? ፊቴ ጋለ። ግን ልክ ነበረች። በውኃና በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይፈጃል ሲሉ ዝም ብሎ መፈተግ አይደለም፤ መዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ በጣቶች መሀል፣ አውራ ጣት፣ የጣት ጫፍ፣ ቅደም ተከተል አለው። አውራ ጣትና የጣት ጫፍ ደግሞ በጣም የሚረሱት ናቸው።

እሱ፦ ዕድሜሽ ግን ከበሽተኞች ጋር ለመግባባት ሳይረዳሽ አልቀረም።

እሷ፦ ሁሉም እንደዚያ ይለኛል። ከቤተሰብ ጋር ማውራት፣ የሰው ገላ ማጠብ፣ የሚያለቅስ ሰው አጠገብ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ እነዚህ አልከበዱኝም። ነገር ግን ስማኝ። አንድ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው አዛውንት ነበሩ። «እንዴት ዋሉ አባቴ?» አልኳቸው። «ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉኝ። መረቅኋቸው፣ መረቁኝ፣ ወጣሁ። ከኋላዬ አንዲት የ20 ዓመት ተማሪ ገባችና «ሕመሙን ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ይሰጡታል?» አለቻቸው። «ስምንት» አሉ። ስምንት! ያስተማሩኝ ጨዋነት ሰውየውን በሕመማቸው ላይ ጥሏቸው ሊሄድ ነበር። ትልቅ ሰው ሆነህ ስትገባ ይዘኸው የምትገባው ነገር ሁሉ አይጠቅምም፤ የትኛው እንደሚጎዳ የምታውቀው ደግሞ ከጎዳ በኋላ ነው።

እሱ፦ የዘመናዊ ነርሲንግ መሥራች የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌልም ሥልጠናዋን የጀመረችው አርፍዳ ነው አይደል? ጀርመን አገር ካይዘርስቬርት የሠለጠነችው እ.ኤ.አ. በ1851፣ በ31 ዓመቷ ነው። ለንደን ውስጥ የነርሶች ትምህርት ቤቷ በ1860 ሲከፈት 40 ሞልቷታል።

እሷ፦ እውነት ነው፤ እኔንም ሲያጽናኑኝ እሷን ይጠቅሱልኝ ነበር። አባቷ ግን በየዓመቱ ገንዘብ ይቆርጡላት ነበር፤ ማታ የሚጠብቃት ልጅም አልነበራትም። እኔን ያስቸገረኝ ዕድሜ ሳይሆን ሰዓት ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለምሳሌ የነርስ ሥልጠና ቢያንስ 4600 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ ግማሹ የተግባር ልምምድ ነው። ንድፈ ሐሳቡን ሌሊት ልታነብ ትችላለህ። የተግባሩን ግን በሽተኛው አጠገብ፣ በተመደበልህ ፈረቃ፣ በእግርህ ቆመህ ነው። ሥራ ላይ ሆነው የሚማሩ ብዙዎች የሚያቋርጡት እዚያ ላይ ነው።

እሱ፦ አንቺስ እንዴት አለፍሽው?

እሷ፦ መጀመሪያ ቤተሰቡን ሰብስቤ ሐሳቤን ስነግራቸው ሁሉም «በርቺ» አሉኝ። «በርቺ» ልጅ ከትምህርት ቤት አያመጣም። ስለዚህ ወረቀት አወጣሁና ማክሰኞ ማታ ማን? ሐሙስ ማለዳ ማን? ብዬ ስም አጻፍኳቸው። ባለቤቴ ሦስት ቀን ላይ ስሙን ጽፎ ብዕሩን ሲያስቀምጥ፣ አራተኛውንም ጻፍ አልኩት። ከሥራ የወጣሁት በአንድ ጊዜ አይደለም፤ በመጀመሪያው ዓመት ግማሽ ቀን እየሠራሁ ነበር። ሁለተኛው ዓመት ላይ አልቻልኩም፤ ያጠራቀምኩትን በላሁ። ደስ የሚል ጊዜ ነበር ብዬ አልዋሽህም።

እሱ፦ አንዲት አድማጫችን 49 ዓመቷ ነው፤ «ልመዝገብ?» ብላ ጽፋለች።

እሷ፦ ስለ ጭንቅላቷ አልሰጋም። ስለ ወገቧ እጠይቃታለሁ። መንቀሳቀስ የማይችልን በሽተኛ ቁስል እንዳያወጣ በየጊዜው ማገላበጥ አለ፤ ረጅም ፈረቃ በቁም ማሳለፍ አለ። ከመክፈሏ በፊት ከቻለች በአስታማሚ ረዳትነት ወይም በበጎ ፈቃድ አንድ ወር ትሞክረው። ሌሊቱንም ጭምር፤ ሌሊቱ ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ አሁንም መሄድ ካማራት ትመዝገብ፤ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ክትባት፣ ወደ ማስተማር የሚወስዱ መንገዶችም አሉ፤ ሁሉም አልጋ ማንሳት አይደለም።

እሱ፦ ጥያቄ ገና ነበረኝ፤ ግን ሰዓትሽን እያየሽ ነው።

እሷ፦ ዛሬ ማታ ተረኛ ነኝ። ርክክቡ ሊጀመር ነው፤ ካረፈድኩ የምትጠብቀኝ ነርስ ወደ ቤቷ አትሄድም። መነጽሬን የት አደረግሁት?

እሱ፦ ማይክሮፎኑ ሥር።