ስድስት ሌሊት የተጠበቀው ክሪስታል

የአራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ልጆች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንኳን ለዚህ ቀን አደረሰን።

ስለ ሥራዬ እንድናገር ተጠይቄያለሁ። ያንን የኬሚስትሪ ላብ አስታውሱት። አዮዲኑን ቀስ ብለን ስናሞቀው ሐምራዊ ጢስ ሆኖ ይነሳል፤ ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ደግሞ ጥቁር ፍሬ ሆኖ ይለጠፋል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ያንኑ ነው። የእኔ ሙቀት ግን ከ2000 ዲግሪ በላይ ነው።

የማሳድገው ክሪስታል ሲሊኮን ካርባይድ፣ የሲሊኮንና የካርቦን ውህድ፣ ነው። በተለመደው ግፊት አይቀልጥም፤ ይተናል። ስለዚህ ዱቄቱን ግራፋይት ማሰሮ ውስጥ እናደርጋለን፤ ክዳኑ ላይ ስስ ዘር፣ ማለትም የዚያው ክሪስታል ቁራጭ፣ እንለጥፋለን፤ አርጎን ጋዝ እንሞላለን። ክዳኑ ከታቹ ትንሽ ቀዝቀዝ ስለሚል ትነቱ ዘሩ ላይ ያርፋል። በ1978 እ.ኤ.አ. የሶቪየት ሳይንቲስቶቹ ታይሮቭና ጽቬትኮቭ ሌኒንግራድ ሆነው ያሳዩን መንገድ ነው። በሰዓት ግማሽ ሚሊሜትር ካደገ ፈጣን ነው። ውስጡ አይታይም። በትንሽ ቀዳዳ ሙቀቱን እየለካን እንጠብቃለን።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ።

አንድ ጊዜ ስድስት ሌሊት የጠበቅነው ክሪስታል ነበረን። የፈረቃ ሠራተኛዋ የእኛው ልጅ ናት፤ የፊዚክስ ተመራቂ። ቀስ ብሎ መቀዝቀዝ ነበረበት። አንድ አለቃ መጣና «ደንበኛ እየጠበቀ ነው፤ ቶሎ አቀዝቅዙት» አለ። እሷ «ውጩ ቀድሞ ይኮማተራል፤ ውስጡ ገና ግሏል፤ ይሰነጠቃል» አለችው። አልሰማትም። የማቀዝቀዣውን ቁጥር ራሱ ቀየረው።

ስንከፍተው ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ጣቴን ሳሳርፍበት ጥፍሬ ስንጥቁ ውስጥ ገባ። ሪፖርቱ ላይ ምን ተጻፈ? «የፈረቃ ሠራተኛ ስህተት።» ስሟ ከነፊርማ ቦታው!

ይሄ ግፍ ነው! ስድስት ሌሊት ዓይኗን ሳትነቅል የጠበቀች ልጅ ያልሠራችውን ጥፋት ፈርሚ ተባለች! አልፈርምም አለች። እኔም አብሬያት ቆምኩ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለቃ የሆናችሁ ብዙ ናችሁ። አደራ! ምድጃው ሥር ያደረ ሰው «ይሰነጠቃል» ሲል ቃሉ ይመዝገብ! ትእዛዝ የሰጠውም በስሙ ይፈርም!

ሌላው ጉዳይ አጭር ነው። ሀገር ቤት የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል። በአንዳንዶቹ ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ በሚቀይረው ዕቃ፣ ውስጥ ይህ ክሪስታል አለ። መማር የሚፈልግ ወጣት ካላችሁ ላኩልኝ።

ልጅቷ ዛሬ ያልመጣችው የማታ ፈረቃ ስላለባት ነው። ሰላምታችሁን አደርሳለሁ።