ፀሐይ ጠጣችው

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሲከነክነኝ የቆየ ነገር አለ፣ እሱን ላውራችሁ።

ሕፃናት ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን በጣም የምወደው ድምፅ ነበር። «ገባችሁ?» ስል «አዎ ቲቸር!» ይሉኛል፣ ሁሉም በአንድ ላይ፣ በዜማ። ደስ ይላል እኮ። ግን ያ «አዎ» ባዶ ነው። ልጆቹ የሚመልሱት ለጥያቄው ሳይሆን ለዜማው ነው። «አልገባችሁም አይደል?» ብትሉም ያው «አዎ ቲቸር!» ነው።

አንድ ዝምተኛ ልጅ ነበረኝ፣ አምስት ዓመቱ። ስለ ዝናብ እያወራን «መሬት ላይ የነበረው ውሃ የት ሄደ?» አልኩት። ዝም። እኔም ትንፋሽ ሳልሰበስብ «እሺ፣ ማን ይርዳው?» ብዬ «እኔ ቲቸር፣ እኔ ቲቸር» ወደሚሉት ዞርኩ። ከዚያ ስለ እንስሳት ጀምረን፣ እኔ እንደ አንበሳ እያገሳሁ ሳለ፣ ልጁ መጥቶ ቀሚሴን ጎተት አደረገና «ፀሐይ ጠጣችው» አለኝ።

እኔስ ምን አልኩት? «አሁን ስለ እንስሳት ነው የምናወራው፣ ሂድ ቁጭ በል።» ሄዶ ቁጭ አለ። ይሄ ትዝ ሲለኝ ዛሬም አፍራለሁ።

በኋላ ነው ስለ ሜሪ ባድ ሮው ያነበብኩት። አሜሪካዊት ተመራማሪ ናት። በ1970ዎቹ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ የአንደኛ ደረጃ የሳይንስ ክፍሎችን የድምፅ ቅጂ ስታዳምጥ መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ገደማ ብቻ ሆኖ አገኘችው። አንድ ሰከንድ! ወደ ሦስት ሰከንድ ከፍ ሲል ግን የልጆቹ መልስ ይረዝማል፣ «ደካማ» የተባሉትም መናገር ይጀምራሉ። የባሰው ደግሞ፣ ደካማ ብለን ለፈረጅናቸው ልጆች የምንጠብቀው ከጎበዞቹ ያነሰ መሆኑ ነው። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ንባቤን አቆምኩ፣ ያ ልጅ ፊቴ ድቅን አለ።

አሁን በልቤ እቆጥራለሁ። ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰከንድ ዝም ማለት ላብ ያስመጣል። ሌላው ለመተው የምታገለው ነገር «ጎበዝ!» ነው። ልጁ ገና እያሰበ «ጎበዝ» ካልኩት ወሬው እዚያው ያልቃል፣ ፈተናውን ያለፈ ይመስለዋል። እሱን ትቼ ተንበርክኬ ከዓይኑ ትክክል እሆንና «እንዴት አወቅክ?» እለዋለሁ። አንዳንዴ ከዚያ የሚመጣው ታሪክ ከትምህርቱ ጋር ምንም አይገናኝም፣ ይሁና።

ባለፈው ታዲያ ጠይቄ ዝም ብዬ እየቆጠርኩ፣ ሁለት ላይ ስደርስ አንዷ ትንሽዬ በጣም አዝና አየችኝና «ቲቸር፣ ረሳሽው እንዴ? ልንገርሽ?» አለችኝ።