«አኪዩሬት» እና «ፕሪሳይስ»፦ ለላቦራቶሪ ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ተመራቂዎች፣ የተመራቂ ቤተሰቦች፤ እንኳን ለዚህ ቀን አደረሳችሁ።

ዛሬ የምናገረው ስለ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ነው፤ ስለ አኪዩሬት እና ስለ ፕሪሳይስ። ብዙ ጊዜ ሁለቱንም «ትክክለኛ» ብለን እናልፋቸዋለን። በዕለት ተዕለት ጨዋታ ይህ ጉዳት የለውም። መሣሪያ ይዞ ለሚለካ ሰው ግን ልዩነታቸው የሥራው መሠረት ነው።

አንድ ልኬት አኪዩሬት የሚባለው ለእውነተኛው መጠን ሲቀርብ ነው። ፕሪሳይስ የሚባለው ደግሞ ደጋግመን ስንለካ ውጤቶቹ እርስ በርሳቸው ሲቀራረቡ ነው። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ሚዛን ላይ ሦስት ጊዜ ወጥቶ 62.3፣ 62.3 እና 62.4 ቢያነብ ሚዛኑ ፕሪሳይስ ነው፤ አኪዩሬት ግን አይደለም።

የሚበታተን ልኬት ራሱን ያጋልጣል። አንዴ 58 አንዴ 63 የሚል ሚዛን ማንም አያምነውም። አደገኛው ሳይዋዥቅ የሚሳሳተው ነው፤ ደጋግሞ መለካትም ከእርሱ አያድንም። የ4 ልኬቶችን አማካይ ብትወስዱ ከመበታተን የሚመጣው ስሕተት በግማሽ ይቀንሳል። 2 ኪሎ የሚጨምር ሚዛን ግን 100 ጊዜ ብትወጡበትም ያንኑ 2 ኪሎ ይጨምራል።

ለዚህ ከሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕ የበለጠ ምስክር አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ሕዋ ሲላክ፣ 2.4 ሜትር ስፋት ያለው ዋና መስተዋቱ እጅግ በረቀቀ ጥንቃቄ የተወለወለ ነበር። ምስሎቹ ግን ደብዛዛ ሆኑ። ለካ ያ ሁሉ ጥንቃቄ የፈሰሰው በተሳሳተ ቅርጽ ላይ ኖሯል፤ መስተዋቱ ጠርዙ ላይ ከሚገባው በላይ በ2.2 ማይክሮ ሜትር ያህል ዝርግ ሆኖ ነበር። የስሕተቱ ምንጭ መፈተሻ መሣሪያው ነው፤ በውስጡ አንድ ሌንስ ከቦታው 1.3 ሚሊ ሜትር ርቆ ተገጥሟል። የሌንሱ ርቀት ሲለካ ብርሃኑ ከመለኪያው ዘንግ ጫፍ መንጸባረቅ ሲገባው፣ ነጸብራቅ የሚከላከለው ቀለም ከተላጠበት ክዳን ላይ ተንጸባረቀ። የቀለም ልጣጭ ያንን የሚያህል ሥራ አበላሸ!

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላው ነው። ሌሎች መፈተሻዎች ስሕተቱን አሳይተው ነበር። ያኛው መሣሪያ ይበልጥ የረቀቀ ነው ተብሎ ስለታመነ ግን የእነርሱ ውጤት ወደ ጎን ተተወ።

ለፕሪሲዥንም፣ ማለትም ፕሪሳይስ ለመሆን፣ ፍርድ እንስጥ። መስተዋቱ የተዛባው ወጥ በሆነ መንገድ ስለነበር ስሕተቱን በልኩ አስልቶ ማካካስ ተቻለ፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1993 ጠፈርተኞች ማረሚያ መሣሪያዎችን ገጠሙለት፤ ምስሉም ጠራ። እንዲሁ ቢዘበራረቅ ኖሮ እንዲያ ማረም ባልተቻለ ነበር።

እንግዲህ ነገ ሥራ ስትጀምሩ መሣሪያችሁ ያንኑ ቁጥር ደጋግሞ ስለሰጣችሁ ብቻ አትፈርሙ። ካሊብሬሽኑ፣ ማለትም መሣሪያውን ከታወቀ መጠን ጋር ማመሳከሩ፣ መቼ፣ ከየትኛው የታወቀ መመሳከሪያ ጋር እንደተደረገ ጠይቁ፤ በመዝገባችሁም ጻፉት። ተራ የሚባለው መሣሪያ ከረቀቀው ጋር ሲጣላባችሁ፣ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ውጤቱን ለማንም አታስረክቡ።

አመሰግናለሁ።