በጉ ነው ሳሩን የሚበላው?

እሺ እንደምን ሰነበታችሁ፣ ዛሬ እንግዳ የለም ብቻዬን ነኝ፣ ከፋሲካ ጀምሮ አእምሮዬ ውስጥ ሲመላለስ የከረመ ነገር ስላለ እሱን ላውራችሁ።

ለበዓሉ መንዝ እናቴ ጋ ነበርኩ። በጉ ታርዶ ሆድ ዕቃው ወጣ፣ እማዬ ጨጓራውን በቢላ ስትሰነጥቅ እኔ በጆግ ውሃ አፈስላታለሁ፣ ፈርሱ ዝርግፍ አለ፣ አረንጓዴ፣ ጭስስ የሚል፣ የመንዝን የጠዋት ብርድ ታውቁት የለ፣ እጄን ስሰድበት ሞቀኝ። ሳሩ ደሞ ገና ሳር ነው፣ ክሩ ይታያል።

"እማ ይሄ እኮ አልተፈጨም" ስላት "ገና ሊያመሰኳው ነበራ ልጄ" አለችኝ።

ተክል ምግቡን በፀሐይ ራሱ ይሠራል፣ እኛ፣ በጉ፣ ጅቡ፣ እንጉዳዩ ግን አንችልም፣ ከሌላው መውሰድ አለብን። እኔ በግ ሳር በል ነው ተብዬ ተምሬ እዛው ቆምኩ። ለካ በጉ የሳሩን ጠንካራ ክፍል፣ ሴሉሎስ የሚባለውን፣ የሚሰባብርበት የራሱ ኢንዛይም የለውም! የሚሰባብሩለት ጨጓራው ውስጥ የሚኖሩት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያ፣ ፕሮቶዞዋ፣ ፈንገስ ምናምን ናቸው፣ እነሱ ሳሩን አብላልተው የሚተዉትን አሲድ በጉ በጨጓራው ግድግዳ መጦ ጉልበት ያደርገዋል፣ ከዛ እነሱ ራሳቸው ከፈርሱ ጋር በሽንፍላው አልፈው ወደ መጨረሻው ክፍል ሲወርዱ ይፈጫቸዋል፣ ፕሮቲኑን በብዛት የሚያገኘው ከነሱ ነው። ማለት መጀመሪያ ያበላቸዋል፣ ቀጥሎ ይበላቸዋል። ይሄን ካወቅኩ ወዲህ ሜዳ ላይ የሚግጥ በግ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

እዛው መንዝ፣ ጓሳ የሚባለው ሜዳ ላይ ያለው ጭላዳ ዝንጀሮም የሚበላው ሳር ነው፣ ግን የሚያመሰኳበት ጨጓራ የለውም፣ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ እየነጨ በጥርሱ ያደቃል። በመሃላቸው ቀይ ቀበሮው አይጥ ያድናል፣ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም፣ እዛው ጓሳ ተጠንቶ በፈረንጆቹ 2015 የወጣ ነገር አለ፣ ለብቻው ሲያድን ከ100 ሙከራ 25ቱ ሲሳካለት በጭላዳ መሃል ግን 67ቱ።

እና ፈርሱን እማዬ ጎመኑ ስር ደፋችው። እዛ ደሞ ሌላ በላተኛ ጠበቀው፣ ፈንገስ አፍ የለው ሆድ የለው፣ ኢንዛይሙን ወደ ውጪ አውጥቶ ምግቡን እዛው ባለበት ያሟሟና ይመጠዋል። ትናንት ደውዬ "እማ ያ ፈርስ እንዴት ሆነ?" አልኳት።

"ግማሹ አፈር ሆኗል" አለችኝ፣ "ጎመኑማ ቅጠሉ ሰፍቶልሃል።"